አይሪሱን አትቅበሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጉድ ያነበብኩ መሰለኝ። «ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ገዛን፣ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ፌስታል የአይሪስ አበባ ሥር ሰጠችኝ፣ ዝንጅብል ይመስላል፣ ምን ያህል አጥልቄ ልቅበረው?» ነው ያልሽው። አትቅበሪው! ሌላውን ባታነቢ እንኳ ይቺን ያዢልኝ።

እኔ እዚያው አጠገብሽ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ አየሩም ያ ጭቃ አፈርም ያው የአንቺው ነው። የሰጠችሽ አበባው ላይ ጢም የመሰለ ነገር ያለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ሥሩ እንዲህ የሚወፍረው እሱ ነው። በነገራችን ላይ ፌስታሉን ኩሽና ውስጥ እንዳትተዪው። ዝንጅብል መስሎት ሻይ ውስጥ የሚከት ሰው አይጠፋም፣ ሥሩ ደግሞ ያስታውካል፣ ሆድ ያጥባል። ውሻ ካለሽም ጠንቀቅ በይ።

1. ፀሐይ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት። ዛፍ ሥር ከተከልሽው ቅጠል ብቻ ነው የምታዪው።

2. ጊዜ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ትከዪው። ባልደረባሽ አሁን መስጠቷ ታውቅበታለች ማለት ነው።

3. አተካከል። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። በኤፕሪል አንድ የአትክልት መሸጫ ሄጄ 12 አይሪስ እያንዳንዱን በ15 ዶላር ገዛሁ። 180 ዶላር! ሻጩ «ይሄንንም አልብሰው» ብሎ ሦስት ከረጢት የእንጨት ፍቅፋቂ፣ መልች የሚሉትን፣ ጨመረልኝ። እኔም ድንች እንደሚተክል ሰው ስንዝር ቆፍሬ ቀበርኩት፣ መልቹን ከላይ ከመርኩበት።

ያን ክረምት እናቴ ከደሴ መጣች። «ተክል ውኃ ካልጠጣ ምኑን ኖረ» ብላ ጠዋትና ማታ ታጠጣዋለች። ሦስተኛው ቡና ሲያልቅ ደግሞ አተላውን ይዛ ትወጣና እየዞረች ታፈስበታለች። እኔም ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳታለሁ። ኦገስት ላይ ቅጠሉ ከሥር ከሥሩ ቢጫ ሆነ። አንዱን ለቀቅ አድርጌ ስስበው እጄ ላይ ቀረ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ የበሰበሰ ሙዝ መስሎ ልሟል፣ ሽታው ለጉድ ነው። ከ12ቱ 9ኙ አለቁ።

አንዱን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ መሸጫው ተመለስኩ። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ «ተክል አይመለስም» አለኝ። እሺ፣ ሕጋቸው ነው። ግን ሰልፍ ላይ ባለው ሰው ሁሉ ፊት «አይሪስ እኮ መንገድ ዳር ተጥሎም ይበቅላል፣ አንተ ምን ብታደርገው ነው?» ማለት ምን የሚሉት ነው? መልቹን ማን ሸጠልኝና!

የቀሩትን ሦስቱን ያተረፈችልኝ ከፊት ለፊታችን ያለችው ጡረተኛ ጎረቤቴ ናት። የላመውን በቢላ እየቆረጠች ነጩና ጠንካራው እስኪወጣ ድረስ አጸዳችው። በቆረጠች ቁጥር ቢላውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ የተበጠበጠበት ውስጥ ትነክራለች፣ በሽታው በቢላው ስለሚተላለፍ። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታ ከረከመችው። ሁለት ቀን ደረቅ ቦታ አስጥተነው ቁስሉ ደረቀ። ከዚያ ጉድጓዱ መሐል የአፈር ጉብታ ሠራችና ሥሩን ፈረስ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው አስቀመጠችው፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች እንደ እግር ግራና ቀኝ ወረዱ። እግሩን አፈር አለበስነው፣ ጀርባው ሜዳ ላይ ቀረ። እናቴ ቆማ ስታይ ቆይታ «እንዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው በለኛ!» አለች። ከዚያ ወዲህ አይሪስ የተከልኩ ቁጥር የማስበው ያንን ነው።

4. ውኃ። ስትተክዪው በደንብ አጠጪው፣ ከዚያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርገሽ ደረቅ ሲሆን ብቻ። ውኃ የሚቋጥር ቦታ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጊና መደብ ሥሪ። የሣር ማዳበሪያ አታስጠጊው፣ ቅጠሉን ያወፍረውና ያበሰብሰዋል። በመሐላቸው ሁለት ስንዝር ያህል ተዪ። መልች? ስሙን አታንሺብኝ።

ትሉን ረስቼው። በመጸው አንዲት የእሳት እራት አሮጌው ቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ በጸደይ ይፈለፈልና ትሉ ቅጠሉን እየሰረሰረ ሥሩ ውስጥ ይገባል። መበስበሱም ብዙ ጊዜ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብርዱ ከገባ በኋላ ደረቁን ቅጠል ለቅመሽ ከግቢ አውጪው። ሜይ ላይ ቅጠሉ ላይ ውኃ ያዘለ የመሰለ መስመር ካየሽ እዚያው በጣትሽ ጨፍልቂው። እኔ መጀመሪያ ይቀፈኝ ነበር፣ አሁን በደስታ ነው።

በመጪው ጸደይ ካላበበ አትደንግጪ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የእኔዎቹ ሦስቱ በሁለተኛው ሜይ አበቡ፤ አጋዘኖቹ የጎረቤቴን ቱሊፕ ሙልጭ አድርገው በልተው የእኔን ዞር ብለውም አላዩት። ዛሬ 26 ሆነዋል። በየሦስት በየአራት ዓመቱ መከፋፈል አለበት፣ የእኔም ተራው ዘንድሮ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ በነጻ ነው። ነጩን ግን እናቴ ስለምትወደው አልሰጥም።