የሚሽን እንግዶቻችን ሐሙስ ይገባሉ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ጠዋት ከአሜሪካ የሚገቡትን 11 የሚሽን እንግዶች የምትቀበሉ ልጆች ጥያቄ አለን ስላላችሁ ነው። ብዙ እንግዳ ተቀብያለሁ፣ ከዚያም በላይ አስተርጉሜያለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የመጀመሪያ ቀን እንጦጦ አታውጧቸው።

ጋሼ፣ ሐሙስ ከሰዓት ምን ፕሮግራም እንያዝላቸው?

እንቅልፍ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እኛ ለምደነው አይሰማንም። እነሱ ሁለት ፎቅ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይናቸው ፍጥጥ ይላል፤ አገራቸው ገና ማታ ነዋ። ውሃ ይጠጡ። አመሻሽ ላይ ከማረፊያቸው እስከ ስታዲየም በእግር ወስዳችሁ መልሷቸው። በቃ።

በቱሪስት ቪዛ ቢመጡ ችግር አለው?

እኔን አትጠይቁኝ። ቢሮ ጠይቁ፣ ያውም ዛሬ። ቦሌ ከደረሱ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

እሁድ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፣ ከአሁኑ ፈርቻለሁ። እንዴት ልዘጋጅ?

ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ሰባኪው «አይ ቢሊቭ» ይልና ቆም ብሎ ያይሻል። ምን ልትይ ነው? የእኛ «አምናለሁ» መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ምኑን እንደሚያምን ሳትሰሚ ከጀመርሽ ተያዝሽ። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አብራችሁ ቡና ጠጡ። ዓረፍተ ነገሩን አጭር እንዲያደርግ፣ ሳይጨርስም እንዳያቆም ንገሪው። ቀልድ ካለው አስቀድሞ ይንገርሽ፤ ግማሹ በአማርኛ አያስቅም።

ሁለተኛ፣ «ዩ»። የ20 ዓመት ልጅ የ70 ዓመት አባት ፊት ቆሞ «ዩ» ሲል «አንተ» እንዳትይ! «እርስዎ» ነው። የሚታዘቡት አንቺን ነው እንጂ እሱን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የመዝሙር ቁጥር። አንድ ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ የአንዲት እናት ቤት ገባን። እንግዳው መዝሙር 23ን እናንብብ አለ፣ እኔም ቁጥሩን እንዳለ ተረጎምኩ። እናታችን ከራስጌያቸው የግዕዝ ዳዊታቸውን አንስተው «ለእግዚአብሔር ምድር በምልዓ» ብለው ጀመሩ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው እኮ እሳቸው ዳዊት ላይ 22 ነው! እንግዳው ስለ በግ ያወራል፣ እሳቸው ስለ ምድር ያነባሉ፣ እኔ መሃል ላይ ላብ በላብ። ቁጥር ብቻ አትጥሪ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ በይ።

እንጦጦ ፓርክ ከሰዓት ብቻ ብንወስዳቸውስ?

ከላይ ምን አልኩ? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አይሆንም።

ምግብስ?

የበሰለ ምግብ፣ የታሸገ ውሃ። ጥሬ የለም።

— አንድ ወንድም፦ ለብለብ እኮ ጥሬ አይደለም።
— አንዲት እህት፦ ለብለብ ማለት ሞቅ ያለ ጥሬ ነው።
— ወንድም፦ ክትፎ ሳይበላ ኢትዮጵያ መጣሁ ይባላል እንዴ?
— ሌላ ወንድም፦ ክትፎውን ተዉትና፣ የ11 ሰው ቲኬት በብር ቢመነዘር ስንት ወንጌላዊ ገጠር ያሰማራል?
— እህት፦ እነሱ ባይመጡ ብሩስ የሚመጣ መሰለህ?

የቲኬቱን ነገር ለሽማግሌዎች አቅርቡት፤ እኔም የምለው አለኝ፣ እዚህ ግን አልልም። ክትፎው በስሎ ይቅረብ።

ስለ ባህላችን ምን እንንገራቸው?

ስለ ባህላችን ማለት? ከየት ልጀምር? ለይታችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ቡና ላይ።

አቦል ጠጥተው «እንሂድ» ብለው እንዳይነሱ። ቶና አለ፣ በረካ አለ። ሰዓትም ንገሯቸው። «ነገ 2 ሰዓት» ስትሏቸው ጠዋት ማለታችሁ ነው፣ እነሱ ግን በእኛ 8 ሰዓት ላይ ነው ብቅ የሚሉት። «ቁርስ እንደበላችሁ» ብትሉ ይሻላል።

ልብስ ምን ይያዙ?

አፍሪካ ሙቀት ነው ብለው ቁምጣ ጭነው ይመጣሉ። ሐምሌ ነው እኮ! ጃኬት፣ ጃንጥላ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ። ዛሬውኑ ጻፉላቸው። የፀጉር ማድረቂያም ይቅር፤ የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ባለፈው አንዷ ሰክታው ክፍሉ በጭስ ታፈነ።

ጋሼ እንዳይቆጡ እንጂ፣ ቅዳሜስ እንጦጦ?

ቅዳሜ ይሁን። ቀስ ብላችሁ። ጃኬት ይዛችሁ።