ልደታችሁን ከእናታችሁ ጋር ቁጠሩት

ይድረስ ከኤርትራ ተሰዳችሁ ጀሞና ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ለምታድጉ ልጆቼ፤

ከጦርነትና ማብቂያ ከሌለው ውትድርና ለሸሸ ቤተሰብ ስለ ወረቀት ማውራት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት በር የሚመለሰው በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የልደት ዓመት ነው። አስመራ ላይ ዓመት የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ እዚህ ደግሞ እናንተ «ግዕዝ» በምትሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር። እናት «በ2008 ወለድኩት» ትላለች፣ መዝጋቢው የኢትዮጵያ 2008 መስሎት ይጽፋል፣ ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል። ስምንተኛ ክፍል ለመፈተን የደረሰ ልጅ በወረቀቱ ላይ ገና ሕፃን ነው።

ስሌቱን ራሳችሁ ቻሉት። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 የተወለደ ከፈረንጁ ዓመት 8 ይቀንሳል፤ ከሴፕቴምበር 11 ወዲያ የተወለደ 7። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የአንድ ቀን ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ ጃንዋሪ 21 ቀን 2008 ማለት ጥር 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

እናት ቀኑን ረስታ ክርስትናውን ልታስታውስ ትችላለች። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት። የወንዱ ክርስትና የካቲት 21 ከነበረ፣ የተወለደበትን ቀን አንድ ብላችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት ላይ ትደርሳላችሁ። «አዎ፣ ሚካኤል ነበር» ካለች ቀኑ ተገኘ። ዒድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ በዒድ የምትቆጥሩ መጀመሪያ ዓመቱን አረጋግጡ። ቀኑ ካልታወቀ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይሞላል። ያንን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ዕድሜያችሁ በሁለት ወረቀት ሁለት ዓይነት ከሆነ ወላጆቻችሁን አትቆጡ። ኤርትራ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ 18 ወር የተባለው ብሔራዊ አገልግሎት ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ገደቡ ጠፋ፤ ከ2003 ጀምሮም 12ኛ ክፍል ሳዋ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ሆነ። አፈሳ ባለበት አገር የልጅን ዕድሜ መደበቅ ልጅን ማትረፍ ነው። እዚህ ግን እውነቱን ተናገሩ። ዕድሜ ጨምሩ ወይም ቀንሱ የሚላችሁን ደላላ አትስሙ፤ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ አስተርጓሚው ካልገባችሁ ተናገሩ፣ ሳይነበብላችሁም አትፈርሙ።

ስማችሁን ከነአባትና አያት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አስጽፉ፤ በተለይ በላቲን ፊደል። ስህተት ስታዩ በእስክሪብቶ አትነካኩት፤ ሰነዱ ይበላሻል። ያስመዘገባችሁበት ቢሮ እንዲያርመው ጠይቁ፣ የድሮውንም ኮፒ ያዙ። ኦሪጅናሉን ላሚኔት አታድርጉት፤ በኋላ ማኅተም ማሳረፍ አይቻልም።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ የስደተኛ ካምፖቹ ሕፃፅና ሽመልባ ሲወድሙ ወረቀት የጠፋባችሁ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ የላካችሁላቸው የመታወቂያ ፎቶ ስልካቸው ላይ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ብቻ እንኳ ቢነበብ ይጠቅማል። ካምፕ ለተወለዱት፣ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኛም ልደት ያስመዘግባል። ጊዜው 90 ቀን ነው፤ ያለፈበትም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይችላል።

የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 የመሥራት፣ የመማርና የመንቀሳቀስ መብታችሁን ጽፎታል። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነትም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ነው፤ በፈረንጅ ስንት እንደሚሆን አሁን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፤ በግራ ፈረንጅ፣ በቀኝ ግዕዝ። ከእናታችሁ ጋር የቤተሰቡን ሁሉ ልደት ሙሉበት። የጎደለውን አያት ያውቁት ይሆናል። ስትደውሉ ግን ስለ ልደትና ክርስትና ብቻ ጠይቁ፤ ማን አገልግሎት ላይ እንዳለ፣ ማን እንደጠፋ በስልክ አታንሱባቸው።