ማባበያው ለምን ቀጥ ብሎ ይመጣብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዘዞ ነው የምኖረው። ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ መጥቶ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ከነሪሉ (ከክር መጠቅለያው)፣ ዛራ ስፑክ ከሚባል ሰው ሰራሽ ማባበያ ጋር ትቶልኝ ሄደ። እዚያ ባስ የሚባለውን አሳ የሚይዝበት ነው። በሚቀጥለው ሰኔ እኔም እሱ ጋ ስለምሄድ ካሁኑ ተለማመድ ብሎኛል። እሱ ጎርጎራ ላይ ሲወረውረው ማባበያው ውሃው ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ይመጣል። እኔ ስጎትተው ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ፈጠን አድርጌም ሞከርኩ፣ ቀስ ብዬም ሞከርኩ። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን ለጊዜው ተወው። ክርህ ስለተወጠረ ነው። ያ ማባበያ ግራ ቀኝ እያለ የሚሄደው ክሩ ሲላላ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

እስቲ ማባበያውን እጅህ ላይ አድርገህ እየው። ሌሎቹ ማባበያዎች አፍንጫቸው ስር ውሃ የምትቀዝፍ ቁራጭ ፕላስቲክ አለቻቸው፣ እሷ ናት የምታወዛውዛቸው። ስፑክ ላይ የለችም። ሄደን የሚባለው ድርጅት የፕላስቲኩን ስፑክ እ.ኤ.አ. በ1939 አውጥቶ ዛሬም ይሸጠዋል፣ አሁንም ያው ለስላሳ ሲጋራ መሳይ ነገር ነው። ስለዚህ በራሱ ምንም አይሰራም። የሚያንቀሳቅሰው የአንተ የእጅ አንጓ ነው። ጅራቱ ከበድ ስለሚል ውሃ ላይ ሲቆም ጅራቱ ወደ ታች፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይሆናል። ክሩን ነጠቅ ስታደርገው አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ወዲያው ክሩን ከለቀቅክለት ወደዞረበት ይንሸራተታል፤ ካልለቀቅክለት ግን የተወጠረው ክር አፍንጫውን መልሶ ወደ አንተ ያዞረዋል፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣብህም ለዚህ ነው። ወደ ግራ ተንሸራቶ ሲያበቃ ደግመህ ነጠቅ አድርገው፣ አሁን ወደ ቀኝ ይዞራል።

አያያዝህ እንዲህ ይሁን። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው። በክንድህ ሳይሆን በእጅ አንጓህ ወደ ታች አጭር ምት ስጠው፣ ከዚያ ጫፉን ቶሎ ወደ ማባበያው መልሰው። ብዙ ሰው መምታቱን ይችልበታል፣ መመለሱን ግን ይረሳል። ሪሉን የምታዞረው ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የተረፈውን ክር ለመሰብሰብ ብቻ ነው፣ ሩብ ዙር ያህል ይበቃል፣ አሳ የሚጎትት ሰው እንደሚያደርገው ዝም ብለህ ከጠቀለልክ ውጥረቱን መልሰህ አመጣኸው። ስትለማመድ ማባበያውን ብቻ አትይ፣ ክሩንም እየው። በሁለት ምት መካከል ክሩ ውሃው ላይ ጠመም ብሎ፣ ላላ ብሎ መተኛት አለበት። ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጫፉን አልመለስክም ማለት ነው።

ሩቅ አትወርውር። ስምንት፣ አስር ሜትር በቂ ነው፣ የምታየው ነገር ይሻልሃል። ጎርጎራ የምትሄድ ከሆነ በጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ንፋሱ ሞገድ ሲያስነሳ ለጀማሪ አይሆንም።

ክሩና ቋጠሮውም ያስቸግራሉ። ቋጠሮህ የማባበያውን ቀለበት ግጥም አድርጎ ከያዘው አፍንጫው እንደልቡ አይዞርም፣ ወይ ትንሽ ተጨማሪ ቀለበት ጨምርበት ወይ ክፍት ሆኖ የሚቀር ቋጠሮ ቋጥር። ፍሎሮካርቦን የሚባለውን የክር ዓይነት አትጠቀም፣ ይሰምጥና አፍንጫውን ወደ ታች ይስበዋል። ብሬድ የሚባለው የተጎነጎነ ክር ይንሳፈፋል፣ ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ሲላላ የፊቱ መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል። እኔ ብሬዱ ጫፍ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወፍራም ሞኖ (ነጠላ የናይለን ክር) እቀጥላለሁ፣ ሞኖ እንደ ፍሎሮካርቦን ቶሎ አይሰምጥም፣ ጠጠር ስለሚልም አይጠመጠምም።

ዳላስ ስትደርስ ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከባድ ነው። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ውጣ። ደመና ካለ ግን ቀኑን ሙሉ ሊሰራልህ ይችላል። ሳር ዳር ዳሩን፣ የዛፍ ጥላ ያለበትን፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ ያለበትን ፈልግ። የቴክሳስ የማጥመድ ፈቃድም ያስፈልግሃል፣ ወንድምህ ቀድሞ ያውጣልህ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከጎንደር ማራኪ። ቨርጂኒያ ልጄን ልጠይቅ ስሄድ አማቼ ፖቶማክ ወንዝ ይወስደኛል። ማባበያውን ማስኬዱን ለምጃለሁ። ግን ባሱ ውሃውን ሰንጥቆ ሲመታው ወዲያው ዘንጉን እስባለሁ፣ ማባበያው ባዶውን ተስፈንጥሮ ይመጣል። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ያዩትን ሳይሆን የተሰማዎትን ይሳቡ። ድምፁና ፍንጣቂው ሲመጣ ማባበያው ብዙ ጊዜ ገና አሳው አፍ ውስጥ አልገባም፤ ባሱ ከስር መትቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ውሃው ነው የገፋው። ያኔ ከሳቡ ካፉ ላይ ነጠቁት። ክብደቱ ዘንግዎ ላይ እስኪሰማዎት ድረስ ይጠብቁ፣ ከዚያ አጥብቀው ይያዙና ዘንጉን ወደ ጎን ይሳቡ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልብ ቀጥ የሚያደርግ ነገር ነው! ዓይንዎን ከማባበያው ትንሽ አርቀው የክሩን መሃል ቢያዩ ይቀልልዎታል።

ሲስት ደግሞ ጠቅልለው አያውጡት። ትንሽ ያቁሙት፣ ከዚያ ባለበት አንድ ሁለቴ ነቅነቅ ያድርጉት፣ ወይም ምቱን ሳይቀይሩ ያስኪዱት። የሳተ ባስ ተመልሶ የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለ ሶስት አፍ መንጠቆዎቹ ጥፍርዎ ላይ ሲሳቡ ካልያዙ ደንዘዋል፣ ይቀይሯቸው። መነጽርም ያድርጉ፣ ተስፈንጥሮ የሚመጣው ማባበያ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ባስ ጣና ውስጥ አለ? ከሌለ ጫጩቱን አምጥቶ መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ የለም። እባክህ ማንም አያምጣው። ጣና ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ አሉ፤ ከነጭ አሳው ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የሉም። ባስ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ አዳኝ ነው፣ አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም። ጎረቤት ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ተጨምሮ ዛሬም አለ፣ ባስ ላጥምድ ያለ እዚያ ይሂድ።

ነጭ አሳዎቹ መካከል ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ስላሉ ማባበያህን ጣና ላይ መሞከር ትችላለህ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግን እንቁላል ለመጣል እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ስለሚወጡ በዚያ ሰሞን ከወንዞቹ አፍ ራቅ በል።