ለመጠራት የተሰጠ ስም

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ክርስትና ስትነሣ ካህኑ «ወለተ ሚካኤል» ብለው ሰየሟት። አማቴ የዚያኑ ዕለት ለብቻዬ ጠርተው «ይህን ስም ማንም እንዳይሰማው፤ መተት የሚሠራው በክርስትና ስም ነው» አሉኝ። እኔም ፈርቼ ለዘመድም ለጎረቤትም አልተናገርሁም። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስሟን ሲጠይቁኝ እንኳ «ወለተ ማርያም» እያልሁ ነው የማስጽፈው። አሁን ሳልና ትኩሳት እየተመላለሰባት ስቸገር ሰዎች ወደ አንድ አዋቂ ወሰዱኝ። የእሷንና የእኔን ስም ቆጥሮ «ስሟ ከኮከቧ ጋር አልተስማማም፤ ይቀየር» አለኝ። ስሟ መቀየር ይችላል? መደበቄስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ይማርልሽ። ከሁሉ በፊት ሕፃኗን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። የሚመላለስ ሳልና ትኩሳት ምርመራ ይፈልጋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ጸበሉ ሕክምናውን አይከለክልም፤ ሕክምናውም ጸበሉን አይከለክልም። ስሙን መቀየር ግን ከሁለቱም አይደለም።

«የክርስትና ስም አይነገርም» የሚለው ፍርሃት ከልጅ እስከ አዋቂ የገባ ነው። በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምጠየቀው አልቆጥረውም። እስቲ አስቢው፦ ይህ ስም መጀመሪያ የተነገረው የት ነው? ካህኑ ልጅሽን ሲያጠምቋት ስሟን ጠርተው «አጠምቀኪ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ዲያቆኑ ሰማ፣ የክርስትና እናቷ ሰማች፣ አጠገባችሁ ልጆቻቸውን ያቀፉ ወላጆች ሁሉ ሰሙ። ቤተ ክርስቲያን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የጠራችውን ስም እኛ ቤታችን ገብተን ምሥጢር እናደርገዋለን።

ምሥጢር ቢሆን ኖሮ የነገሥታቱን ማን ያውቅ ነበር? ዐፄ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ ንግሥት ዘውዲቱም አስካለ ማርያም እንደሚባሉ ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። እቴጌ ጣይቱ የልጅሽ ሞክሼ ናቸው፤ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ተፈሪ መኰንን ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን የዙፋን ስም አደረጉት፤ እስከ 1967 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ኃይለ ሥላሴ እያለ ጠራቸው። ጠላት ያልነበረው ንጉሥ የለም፤ ሆኖም ስሙን ከጠላት አልሸሸጉትም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሃይማኖቷ የተሰደደችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም የምትታወቀው በዚሁ ስሟ ነው።

አማትሽ ይህን ከየት አመጡት ብለሽ አትቆጫቸው። ወሬው ሥር አለው። ክታብ የሚጽፉ ሰዎች ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ቆርጠው፣ መሐሉ ላይ የሚያስገቡት የክርስትና ስሙን ነው። ኮከብ የሚቆጥሩትም የሰውየውንና የእናቱን ስም ይጠይቃሉ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ «ስሙን የያዘ ሰውየውን ያዘ» ብሎ ደመደመ። ቃሉ ግን «በያዕቆብ ላይ አስማት የለም፥ በእስራኤልም ላይ ምዋርት የለም» ይላል (ዘኍ. 23፥23)። በለዓም የእስራኤልን ስም አጥቶት አልነበረም። ስማቸውን እየጠራ ሊረግም ተራራ ላይ ወጣ፤ ከአፉ የወጣው ግን ምርቃት ሆነ። የልጅሽ መጠበቂያ የታተመችበት ሜሮን፣ የተቀበለችው ሥጋውና ደሙ ነው። ስሟ ቢደበቅ ወደ ጥበቃዋ የሚጨምረው የለም፣ ቢነገርም የሚጎድለው የለም።

ስለ ቆጠራውም ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው «በፊደልና በቁጥር የተሠራ ነው» ሲሉት ዕውቀት ይመስለዋል። የሚደረገው ይህ ነው፦ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ቁጥር ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ቁጥር ኮከቡ ነው ይባላል። አሁን «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰጂ። አንዱ ጸሓፊ በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ። ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ሲለይ ግን ቁጥሩም ይለያል። ቁጥሩ ሲለይ ድምሩ፣ ድምሩ ሲለይ የተረፈው ይለወጣል። ያው ሰው ጠዋት አንዱ ዘንድ እሳት፣ ከሰዓት ሌላው ዘንድ ውኃ ሆኖ ያድራል። እናትየዋ ሁለት ስም ካላት ደግሞ የትኛው እንደሚቆጠር ቆጣሪው ነው የሚመርጠው። በዚህ ምክንያት ስንት እጮኛሞች «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብለው ተለያይተዋል! ዘዳግም 18፥10–12 ይህን ሥራ በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ ከጠየቅሽኝ ከሁለቱ የከበደው ስሟን መደበቅሽ አይደለም፤ ወደዚያ ሰው ደጅ መሄድሽ ነው። ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፤ ዳግመኛም አትሂጂ።

አሁን ወደ ስሙ እንግባ፤ ሰው የሚፈራው ምን እንደሚል ስለማያውቀው ነው ብዬ አምናለሁና። በግእዝ «ወለት» ሴት ልጅ ናት፤ ከሌላ ስም ጋር ስትናበብ «ወለተ» ትሆናለች። ወለተ ሚካኤል ማለት የሚካኤል ልጅ ማለት ነው፤ ለመልአኩ አደራ የተሰጠች፣ በጸሎቱ የምታድግ። ወልድ «ወልደ»፣ ገብር «ገብረ»፣ አመት «አመተ» የሚሆኑት በዚሁ ሕግ ነው። ገብር ባሪያ፣ አመት ገረድ ማለት ሲሆን፣ ይህን ሰምተው «ልጄን ባሪያ አሉብኝ» ብለው የሚከፉ ወላጆች አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የሮሜን መልእክት ሲጀምር ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ ብሎ አስተዋወቀ፤ ማዕረጉ ይኸው ነበር። «ሀብተ ማርያም»ንም ብር ያለው ሰው አድርገው የሚተረጉሙ አይጠፉም፤ በግእዝ ሀብት ስጦታ ነው፣ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ ከሚለው የወጣ። ሣህል ምሕረት ነው። አስካል የወይን ዘለላ ነው። እንዲህ ያለ ስም የሚያስፈራው ምኑ ነው?

ደግሞ ስሙ ሁለት ክፍል ያለው አንድ ስም ነው። «ወለተ» ብቻውን ሲቆም «የ… ልጅ» ብሎ እንዳቋረጠ ንግግር ነው። በፓስፖርትና በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ «ገብረ» ስም፣ «ማርያም» የአባት ስም ሆኖ የተጻፈባቸው ልጆች አሉ፤ አባቱ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ልጅን በክርስትና ስሙ የምታስመዘግቡ ወላጆች ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ አጣብቃችሁ አስጽፉ።

ስሟን ካህኑ የመረጡት ከኮከብ አይደለም። ልማዱ የተወለደችበትን ወይም የተጠመቀችበትን ቀን ማየት ነው፤ በ12 ከሆነ ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ይህም ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። በ23 ተወልዳ ወለተ ማርያም የተባለች ልጅ ምንም አልጎደለባትም።

«አብርሃም ስሙ ተለውጦ የለም ወይ? መነኮሳትስ?» የሚል ይኖራል። አዎን። አብራምን አብርሃም፣ ያዕቆብን እስራኤል ያለው እግዚአብሔር ነው፤ ለጠራቸው ሥራ የሚሆን ስም ሰጣቸው። ሲመነኩሱ ስም የሚለወጠውም ለዓለም መሞትን ለማሳየት ነው። ከበሽታ ለማምለጥ ስሙን የለወጠ ግን በመጽሐፍ አላገኘሁም። ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው። በ1ኛ ዜና መዋዕል 4፥9–10 ያቤጽ የሚባል ሰው አለ። እናቱ በጣር ስለ ወለደችው ስሙን ከጣሯ አወጣችለት። በእኛ ቆጣሪዎች ዘንድ ከዚህ የከፋ ስም አይገኝም፤ ሲጠሩት ሁሉ ሕመምን ያስታውሳል። እርሱ ግን «ስሜን ለውጡልኝ» አላለም። የእስራኤልን አምላክ ጠራና ባርከኝ፣ አገሬን አስፋው፣ ከክፉ ጠብቀኝ አለ። «እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው» ይላል። ስሙ ያቤጽ እንደሆነ ቀረ፤ ሕይወቱ ግን ከወንድሞቹ ሁሉ የተከበረ ሆነ። እኅቴ፣ ይህችን ሁለት ቁጥር ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንብቢያት።

ስሟ አይቀየርም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና (ኤፌ. 4፥5)። በዚያች ጥምቀት የተጠራችበት ስም ከእርሷ ጋር ይኖራል፤ ስትቈርብ፣ ስታገባ፣ በመጨረሻም በፍትሐቷ ጊዜ በእርሱ ትጠራለች። ይህ ስም የሚያገለግለው በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ነው። የጸሎት መጽሐፎቻችንን ገልጠሽ እዪ፤ «ለገብርከ እገሌ፣ ለአመትከ እገሊት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ቀለሙ የፈዘዘ አሮጌ ብራና ላይ ደግሞ የፊተኛው ባለቤት ስም በቢላ ተፍቆ፣ ሸካራ በሆነው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም በአዲስ ቀለም ተጽፎ ይታያል። መጽሐፉን የገዛው ሰው ጸሎቱ በእርሱ ስም እንዲደርስ እንዲህ ደከመ። አንቺ ግን ለልጅሽ የተተወውን ቦታ በሌላ ስም ሞላሽው። አትደንግጪ፤ ጸሎቱ አልጠፋም። «በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ያለው አምላክ (ኢሳ. 43፥1) ልጅሽን ከወለተ ማርያም ጋር አያሳስታትም። በመቅደሱ ደጅ ሐሰት መናገር ግን አይገባም፤ እርሱን ንስሐ ግቢበት።

በሚመጣው እሑድ እንዲህ አድርጊ። ለጸሎት ስም ለሚመዘግቡት አገልጋይ «ከዚህ በፊት ያስጻፍሁት ስም ትክክል አይደለም» በይና «ወለተ ሚካኤል» ብለሽ ሁለቱንም ክፍል አስጽፊ። የክርስትና ካርዷ ላይ የሰፈረውን ከዚሁ ጋር አስተያዪ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ ያጠመቋት ደብር ጽሕፈት ቤት ያርምልሽ። ካርዱ ከጠፋ የክርስትና እናቷ ምስክር ናት፤ እሷንም ይዘሽ ሂጂ። ቤት ስትገቢ ልጅሽን በስሟ ጥሪያት፤ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አሁን ትለምደዋለች። ስንት ጎልማሳ ለቍርባን ቀርቦ የክርስትና ስሙን ሲጠየቅ «እናቴ ደብቃኝ ሞተች» እያለ ይቆማል። አማትሽንም እሑድ ዕለት አብረሽ ይዘሻቸው ነይ፤ ስሟ ሲጠራ አጠገብሽ ቆመው ይስሙት።