የእርዳታ ዝርዝር ከመታደሉ በፊት ይነበብ

ጠያቂያችን፣ የገብስ ማሳቸው በበረዶ የወደመባቸው አባትዎ ከእርዳታው ዝርዝር መቅረታቸውን ገልጸው፣ ማን ስንት እንደተቀበለ የማወቅ መብት ይኖርዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። አለዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ ለመልሱም 30 ቀን ይሰጣል። ችግሩ በ30 ቀን ውስጥ እህሉ ተፈጭቶ ተበልቶ ማለቁ ነው።

በደቡብ ወሎ በግብርና ባለሙያነት ሳገለግል የማሳ ጉዳት መዝግቤያለሁ። በ2013 ዓ.ም. መኸር አንበጣው የሐብሩን፣ የራያ ቆቦንና የቃሉን ማሽላና ጤፍ ሲበላ እኛም ቀበሌ ደርሶ ነበር። የተረጂዎችን ስምና የተመደበላቸውን ኪሎ ጽፈን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለጠፍን፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቅሬታ አልመጣም። ዝርዝሩ ትክክል ስለሆነ መስሎን ነበር። በኋላ አንድ ሽማግሌ ባቀረቡት ሐሳብ በቅሬው (እድር መሰል የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር) ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሳው እስከ አገዳው የተበላበት አንድ አባወራ መዘለሉና አንበጣው ከመድረሱ በፊት እህላቸውን ያስገቡ ሁለት ሰዎች መግባታቸው ታወቀ። የተለጠፈ ወረቀት ማንበብ ለሚችልና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ለሚመላለስ ብቻ ነው፤ በቅሬ፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ ደጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተነበበውን ግን ሁሉም ይሰማዋል። ስም ሲነበብ ሰው ያፍራል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንዳየሁት ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩን የያዙት ናቸው።

ሌላው ብዙ የማይነገር ጉዳይ ማካፈል ነው። በተለመደው ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ሲታሰብ ስድስት ቤተሰብ ያለው ሰው 90 ኪሎ ያገኛል። ያልተመዘገቡ ጎረቤቶች ሲያለቅሱ ሽማግሌዎች ይካፈል ብለው ይወስናሉ፤ ሰውየው 45 ኪሎ ተሸክሞ ይሄዳል፣ በወረቀቱ ላይ ያለው የጣት አሻራ ግን 90 ይላል። ይህን ስርቆት ብዬ አልጠራውም፤ በእኔም ቤት ቢሆን እካፈል ነበር። ሆኖም መዝገቡ እውነተኛውን የተቸጋሪ ቁጥር ስለሚደብቅ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ከመነሻው ያንሳል፣ የሚታዘብም ሰው የቱ ጉድለት ማካፈል የቱ ደግሞ ምዝበራ እንደሆነ መለየት አይችልም። በእኔ እምነት ዝርዝሩ የተመደበውን፣ በእጅ የደረሰውንና የተመረጠበትን ምክንያት ጎን ለጎን ካልያዘ ስም መደርደር ብቻ ነው።

ወደ አባትዎ ጉዳይ ስመለስ፣ ማሳው ሳይገለበጥ ፎቶ ያንሱት፤ ሦስት አዋሳኝ ገበሬዎችን በምስክርነት ይያዙ። ከዚያም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ቀን ያለበት ማመልከቻ አስገብተው ቅጂውን ያስቀሩ። «እገሌ ለምን ገባ» ብለው አይጀምሩ፤ ጠብ ይሆናል፣ ዋናው ጥያቄም ይረሳል። አባትዎ በየትኛው መስፈርት እንደወደቁ ብቻ ይጠይቁ። ዝርዝሩን ካላሳዩዎት ክልከላውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ካልፈታልዎት፣ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሲሄዱ ይዘውት የሚቀርቡት ይህንኑ ወረቀት ነው።