«ቱርቦው ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

ለጀማሪ መካኒክ ልጆቼ፣

የናፍጣ መኪና ዳገት አልወጣም ሲል፣ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ወይም ጉልበቱ ድንገት ሲከዳው ከጋራዥ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ቱርቦው ሞቷል»። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው፤ ባለመኪናው ተበድሮ አዲስ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የተቀደደ ጎማ ቱቦ፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ ሴንሰር ነው። ቱርቦው በእርግጥ ሞቶ ቢሆን እንኳ የገደለው ነገር አለ። ያንን ሳታገኙ የምትገጥሙት አዲስ ቱርቦ የአሮጌውን መንገድ ይከተላል።

ከመፍቻ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ጉልበቱ የጠፋው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይመለሳል? አጥፍቶ ማስነሳት የሚመልሰው ጉልበት ኮምፒውተሩ ራሱ የቀነሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቱርቦው ውስጥ ጭሱን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክንፎች ጥላሸት ይዟቸው ግፊቱን ከሚገባው በላይ ስላሳለፉት ነው። ሁልጊዜ የሚደክም መኪና ግን ፊልትሮን፣ የሚያፈስ ቱቦን ወይም የታፈነ ማርሚታን ያስጠረጥራል።

የኮምፒውተሩን ኮድ የሚያነበውን ማሽን ስትሰኩ ፒ 0299 ግፊት አነሰ፣ ፒ 0234 ግፊት በዛ ይላችኋል። ኮዱን እንደ ክስ ወረቀት እንጂ እንደ ፍርድ አትዩት። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩን፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን፣ ቁጥር አንብቡ። በደህና ሴንሰር አዲስ አበባ ላይ የምታገኙት ወደ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን 101 ገደማ ይሆን ነበር። ከተማችን በ2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል። ከውጭ መጽሐፍ «100 መሆን አለበት» የሚለውን አንብቦ ደህና ሴንሰር የሚጥል ልጅ ብዙ ነው። የውጭ አየር ግፊት የሚለካው ሴንሰር ካለ ሁለቱን አስተያዩ፤ ልዩነታቸው ከሁለት ሦስት ኪሎፓስካል ካለፈ አንዱ ይዋሻል። ቅባትና ጥላሸት የደፈነው ሴንሰር ከሆነ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ይታጠባል፤ በቤንዚን አይነካም፣ በሽቦም አይጎረጎርም።

ይህ የከፍታ ነገር ከሂሳቡ ሁሉ ይበልጥብኛል። ኮምፒውተሩ 200 ኪሎፓስካል ቢፈልግ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ቱርቦ አየሩን እጥፍ ብቻ ይጨምቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከ76 ተነስቶ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት፤ ለዚያውም ዘንጉ ከዚያኛው የበለጠ እየፈጠነ። ስለዚህ ዝቅ ባለው አባይ በረሃ ድልድዩ አጠገብ የማያስታውቅ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከፍ ያለው ጎሃ ጽዮን ላይ ጉልበት ይነሳል። ብዙ ኮምፒውተሮችም ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ከፍታ ላይ ዒላማውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የምታወዳድሩት ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር ሳይሆን ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ከጠየቀው ጋር ይሁን።

የመንገድ ሙከራው ለሁለት ሰው ነው፤ የሚነዳው ማሽን አያይም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እንደሚወጣው ያለ ዳገት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር እስከ 3,500 ድረስ ፔዳሉን ሙሉ ረግጣችሁ አምስት ነገር ቅረጹ፤ የተፈለገው ግፊት፣ የተገኘው ግፊት፣ የገባው አየር፣ የክንፎቹ ትዕዛዝ፣ የነዳጅ ግፊት። የገባው አየር በቂ ሆኖ የማኒፎልድ ግፊት ካነሰ፣ ከቱርቦው በኋላ አየር ይወጣል። ሁለቱም ካነሱ ፊልትሮውን፣ የጭስ መውጫውን፣ የክንፎቹን እንቅስቃሴ እዩ። የተፈለገው ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ከቱርቦው ውረዱ፤ ኮምፒውተሩ በሌላ ምክንያት፣ ምናልባት በነዳጅ ግፊት፣ ጉልበት ከልክሏል።

የሚያፈስ ቱቦ በዓይን ብቻ አይገኝም። ቅባት ያለሰለሰው ጎማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ተዘግቶ ይውልና ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። የፊልትሮውን መውጫ ድፈኑ፣ የሞተሩን የትንፋሽ ቱቦም ለይታችሁ ዝጉ፣ ከኮምፕሬሰር በመቆጣጠሪያ ከ0.3 ባር ጀምራችሁ እስከ 0.7 ባር ብቻ ስጡ፤ ከዚያ በላይ የሞተሩን የዘይት መዝጊያ ጎማዎች ታወጣላችሁ። የሳሙና ውሃ ርጩ። መጀመሪያ የኢንተርኩለሩን፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን፣ ታችኛ ቱቦ፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ የሚጋጠምበትን ጠርዝ። አቧራ የያዘ የቅባት ነጠብጣብ ካያችሁ ጣታችሁን እዚያ አኑሩ። በቱቦው ውስጥ ስስ ቅባት መኖሩ ያለ ነው፤ ኩሬ ከሆነ ግን አይደለም።

ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ የእጅ ፓምፕ ሰክታችሁ ሳቡ፤ የክፍሉ ዘንግ ሳይንቀጠቀጥ ይሂድ፣ ለአንድ ደቂቃም ይያዝ። እዚህም ከፍታው ያታልላል። ባሕር ጠለል ላይ 0.9 ባር የሚስብ ጤነኛ ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ 0.66 ገደማ ያሳያል፤ ከ0.76 በላይማ የሚሳብ አየር የለም። የቶዮታ ሃይሉክስ 3.0 ዲ-4ዲ ሞተር፣ ዋን ኬዲ የምንለው፣ ክንፎቹን የሚያዞረው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እሱን በማሽኑ አዛችሁ እዩት። የክንፎቹን ማቆሚያ ብሎን ግን አትንኩ። ፋብሪካው በአየር መለኪያ ያስተካከለውን በጆሮ የሚመልስ የለም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው ቱርቦው የሚፈታው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ዘንጉን ወደ ጎን ብትነቀንቁት ትንሽ መላወሱ አያስደንግጣችሁ፤ ኩሽኔታው በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ነው። መዘውሩ ግድግዳውን ከነካ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ግን አብቅቷል። የመዘውሩ ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ አቧራ አልፏል፤ ፊልትሮውን ከነመቀመጫው መርምሩ።

ዋን ኬዲ ላይ ደግሞ ካርተሩን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ሳታወርዱ አዲስ ቱርቦ አትግጠሙ። የኢንጀክተሮቹ፣ ነዳጅ የሚረጩት፣ የመዳብ ማሸጊያ ቀለበት ሲያፈስ የቃጠሎው ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት ሲጠፋ ቀድሞ ከሚጮሁት አንዱ ቱርቦው ነው፤ ቀጥሎ የክራንኩ ኩሽኔታ ይመጣል። ወንፊቱን አጽዱ፣ የመዳብ ቀለበቶቹን ቀይሩ፣ የዘይት መግቢያውን ቱቦ በአዲስ ለውጡ፣ መመለሻው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። በዘይት ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን አይቀባም፤ ቁራጩ ተቆርሶ ቀዳዳውን ይዘጋል።

ስትገጥሙ በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አፍስሳችሁ መዘውሩን በጣት አዙሩ። ነዳጅ ዘግታችሁ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ሞተሩን በማስነሻው አሽከርክሩ፣ ከዚያ አስነስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትረግጡ ተዉት። በመጨረሻ ወደዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ዙር ተመለሱ፤ የፊቱንና የኋላውን ቅጂ ጎን ለጎን አትማችሁ ከሒሳቡ ጋር ለባለመኪናው ስጡት።