ይሄ ሳንቲም ስህተት አለበት ወይ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሳንቲም እንደምሰበስብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይም ጉሊትም ያስቆሙኛል። የሰሞኑን ጥያቄዎች እነሆ።

የታክሲ ረዳት፦ "የአንድ ብሩ መሃል ወደ ጎን የሸሸ አገኘሁ። የፋብሪካ ነው?"
ሊሆን ይችላል ወንድሜ። የ2002 ዓ.ም. አንድ ብር ከሁለት ብረት ነው የተሠራው። ቀለበቱና መሃሉ ለየብቻ ተቆርጠው፣ ምስሉ ሲመታባቸው ይጣበቃሉ። መጋጠሚያውን በደንብ እየው። ምስሉ ሳይቆረጥ ከመሃሉ ወደ ቀለበቱ ካለፈ፣ ሲመታም ሸሽቶ ነበር ማለት ነው። የመዶሻ ወይም የጉጠት ምልክት ካለ ግን ሰው ነው የነካካው።

ጉሊት የሚሸጡ እናት፦ "የአባቴ 25 ሳንቲም ዙሪያው እንደ አበባ ነው። ተበላሽቶ ነው?"
ኧረ እትዬ፣ ይሄ ታሪክ ነው! በላዩ 1936 ዓ.ም. ተጽፏል አይደል? መጀመሪያ ሲወጣ ድፍን ክብ ነበር። ከመዳብ የተሠራ ነው፤ 50 ሳንቲሙ ደግሞ ብር ነበር፣ በመጠንም ይቀራረባሉ። አጭበርባሪዎች መዳቡን ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው ይሰጡ ጀመር። ስለዚህ ጠርዙ ሆን ተብሎ እንዲህ ተቆረጠ። ስህተት አይደለም፤ ግን አደራ፣ እንዳይጠፋብዎት።

ተማሪ፦ "10 ሳንቲሜ ጠርዙ ላይ ተነክሷል። በሞረድ ተቆርጦ ቢሆንስ?"
ጎበዝ፣ መጠርጠርህ ጥሩ ነው። ሳንቲም ከሰፊ ቆርቆሮ ላይ ይቆረጣል፤ ሊጥ ላይ ብርጭቆ ደፍተን ብስኩት እንደምናወጣው። መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ሳንቲሙ ተነክሶ ይወጣል። አሁን ከንክሻው ትይዩ ያለውን ጠርዝ ተመልከት። እዚያ ጠርዙ ደከም፣ ጠፋ ካለ የእውነት ስህተት ነው። ምክንያቱም ጠርዙ ከፍ እንዲል ዙሪያውን ሲጠቀለል በንክሻው በኩል የሚገፋ ብረት አልነበረም። በሞረድ የቆረጠ ሰው ይሄን ማስመሰል ይከብደዋል። እኔ በጣም የምወደው ምርመራ ይሄ ነው።

"አንበሳው ፊት ላይ መስመር አለ።"
በጥፍርህ ዳስሰው። ከፍ ካለ ምስሉን የሚመታው ማኅተም ተሰንጥቆ ነው፤ ስህተት ነው። ከጎደጎደ ጭረት ነው።

"አንዱ 50 ሳንቲም ማግኔት ይይዘዋል፣ አንዱ አይዘውም።"
ሁለቱም ደህና ናቸው። የ1969ኙ መዳብና ኒኬል ነው፤ በኋላ የመጡት ብረት ላይ የተለበጡ ናቸው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ ፲፱፻፷፱ ካለ 1969 ነው።

"ዘውድ ወይስ ጎፈር ስንጫወት ሁለቱም ወገን ጎፈር የሆነ አየሁ!"
እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳንቲም ተፍቆ የተጣበቀ ነው። በጠርዙ ውስጠኛ በኩል ስፌት የመሰለ መስመር ፈልግ። ድንጋይ ላይ ስትጥለውም ድምፁ ደነዝ ይላል። ገንዘብ አውጥተህ እንዳትገዛው።

"ልጠበው?"
በፍጹም! አመድም ሎሚም አይነካው። ፊቱ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ወረቀት ውስጥ ጠቅልለህ እሑድ ይዘህልኝ ና፤ አጉሊ መነጽር አለኝ።